ፈረስ የሌለበት ጨፌ

መጀመሪያ ኪሳራውን ልናገር፤ ነጋዴ ነኝና ከሌላ ቦታ መጀመር አይሆንልኝም። የአገር መልክ ፎቶ ማንሳት የግራ ጉልበቴን ወስዷል፤ የቀኝ ዓይኔን አደብዝዟል፤ ዳንግላ የነበረኝን የጫማ ሱቅ ጠራርጎ በልቷል። አራተኛ ወጪም ነበረው። እሱን የከፈልኩት ግን እኔ አይደለሁም፤ ዘንገና አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ናቸው፣ በፈረሶቻቸው ግጦሽ። ሦስቱን ለራሴ እችላቸዋለሁ። ይህን ያስጻፈኝ አራተኛው ነው።

አሁን ሥራውን ትቻለሁ። እንጅባራ ያለው ቤቴ በሩ ላይ ዛሬም «ፎቶ ቤት» ይላል፤ ውስጡ ግን ልጄ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ይሸጥበታል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በባጃጅ ዘንገና ይሄዱና ሐይቁን ከጀርባቸው አድርገው በስልካቸው ይነሳሉ፤ ምሳ ሳይደርስ ይመለሳሉ። ጥሩ አድርገዋል። እኔ ያንኑ ሐይቅ ለማንሳት ስንት ማለዳ ድንጋይ ላይ እንደተቀመጥኩ ብነግራቸው ያዝኑልኛል ብዬ ዝም እላለሁ። ነጋዴ ሲታዘንለት ዋጋው ይወርዳል።

ወደ ሙያው የገባሁት በጥርጣሬ ነው። ዳንግላ ጫማ ስሸጥ አንድ መንገደኛ ካሜራ በርካሽ ላቀብልህ አለኝ። ርካሽ ነገር ሲመጣልኝ ወይ ተሰርቋል ወይ ተበላሽቷል ብዬ ነው የምጀምረው። አገላብጬ ባየው ሁለቱንም አይመስልም። ላተርፍበት ገዛሁት፤ ገዢ ጠፋ። ገዢ ያጣ ዕቃ ምን እንደጎደለው ልጠይቅ ብዬ የከተማው ፎቶ አንሺ ጋሽ ፈንቴ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። ገልበጥ አድርገው አዩትና፣ «የጎደለው አንሺ ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ጫማው ቀስ እያለ ከሱቁ ወጣ፣ ካሜራው ገባ።

ጋሽ ፈንቴ ከእኔ የባሱ ተጠራጣሪ ነበሩ፤ ለዚህ ይሆናል የተስማማነው። ሰማይን አያምኑም። «ጠዋት የሚስቅ ሰማይ ከሰዓት በኋላ ብድር ሊጠይቅህ ነው» ይሉ ነበር፤ በእኛ ደጋ ደግሞ እውነት ነው። ፀሐይ ወጣች ብለህ ስትወጣ ካፊያ፣ ካፊያ ነው ብለህ ስትገባ በረዶ፣ በረዶው ሲያባራ ዓይን የሚወጋ ብርሃን። እሳቸው የሚፈልጉት ያችን የመጨረሻዋን ነበር። በረዶ እንዳቆመ፣ ገና ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ሳለ፣ ደመናው ሲቀደድ የሚወርደው ብርሃን ረጅም ዕድሜ የለውም። ስለዚህ ሌላው ሰው ዛፍ ሥር ሲሸሸግ እሳቸው ዝናቡ ውስጥ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ካሜራው በካፖርታቸው ሥር፣ እጃቸው መንካት ያለበት ቦታ ላይ።

ካሜራቸውን ቤት ውስጥ አያሳድሩም ነበር። በቆርቆሮ ሣጥን አድርገው ከዕንጨት ማስቀመጫው ጣራ ሥር ይሰቅሉታል፤ ሣጥኑ ውስጥ እርጥበት እንዲጠጣ የተቆላ ገብስ በጨርቅ ቋጥረው ያስገባሉ። ገብሱ ሲለሰልስ አውጥተው እንደገና ቆልተው ይቆረጥሙታል፤ የሚጣል ነገር አይወዱም። ውጭ የሚያሳድሩበትን ምክንያት ስጠይቃቸው፣ ሰው በተኛበት ሙቅ ቤት ያደረ ሌንስ የሰው ትንፋሽ ይጠጣል፣ ጠዋት ብርድ ሲያገኘው በውስጥ በኩል ያልበዋል፣ የውስጥ ላብ ደግሞ በመሐረብ አይጠረግም አሉኝ። እኔ መጀመሪያ ሚስታቸው ካሜራውን እንዳይሸጡባቸው ፈርተው መስሎኝ ነበር።

ወፍ ማንሳትም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ክረምት ሲያልፍ በእኛ አገር ጨፌዎች ላይ አናቷ ላይ ወርቃማ ጉንጉን የደፋች ባለ ረጅም እግር ወፍ ጥንድ ጥንድ ሆና ትወርዳለች። ሰው ካየች ገና ሳትደርስባት ትነሳለች። ጋሽ ፈንቴ የሰው ፈረስ ይለምኑና ከጎኑ ጎንበስ ብለው፣ እሱ እየጋጠ ሲሄድ አብረውት ይሄዳሉ። «ሁለት እግር ካየች ትበራለች፤ ስድስት እግር ካየች አትቆጥርም» ይሉኝ ነበር። ፈረሱን መጎተት አይቻልም፤ ሣሩ ወደ ወሰደው ነው የምትሄደው። አንዳንድ ቀን ወፏ ወዳለችበት ይወስድሃል፤ አንዳንድ ቀን ባለቤቱ ቤት ይመልስሃል። ጉልበቴ ያለቀው እዚያ ላይ ነው።

አንድ ሌላ ልማድም ነበራቸው፤ እሱን በደንብ አልወረስኩትም። ደንበኛ ሲመጣ፣ የመታወቂያ ፎቶ እንኳ ቢሆን፣ ለምን እንደሚፈልገው ይጠይቁታል። መልሱን ሰምተው ሌላ ነገር ይቀጥሉና ቆይተው ያንኑ ጥያቄ ይደግሙታል። ደንበኛው ይናደዳል። እሳቸው ግን ሰው መጀመሪያ ሲጠየቅ ያዘጋጀውን ነው የሚመልሰው፣ ሁለተኛ ሲጠየቅ ነው ማሰብ የሚጀምረው ይላሉ።

ጋሽ ፈንቴ ሲያርፉ እኔ ወደ እንጅባራ ተዛወርኩ። ሠርግና ክርስትና እንጀራዬ ነበር፤ የአገር መልኩ ግን ስሜን አስጠራ። ዘንገናን በየወቅቱ አውቀዋለሁ። ጠዋት ጉሙ እንደ ክዳን ሐይቁን በከበበው ገደል አፍ ላይ ይቀመጣል፤ ፀሐይ ከዳርቻው በላይ እስክትመጣ መጠበቅ ነው፤ ሲገለጥ ውኃው መስተዋት ይሆናል፤ ነፋስ ከተነሳ ግን ዕድልህ አለቀ። ሌላዋ ሐይቅ ጥርባ ይልቅ ዝምተኛ ናት፤ ሰው ስለማይበዛባት ወፎቿ ቶሎ አይደነግጡም። ከደንበኞቼ ሁሉ የማልረሳው አንድ ባለ ሆቴል ነው፤ ዘንገናን በትልቁ አሳጥቦ ግድግዳው ላይ ሰቀለና ውኃውን ትንሽ ሰማያዊ አድርግልኝ አለኝ። አንድ የቀን መቁጠሪያ አሳታሚ ደግሞ ጥርባን ገልብጦ አተማት፤ ግራዋ ቀኝ ሆነ። ዓመቱን ሙሉ ተሰቅላ አንድም ሰው ልብ አላለም። ከዚያ ወዲህ ፎቶ የሚያየውን ሰውም መጠርጠር ጀመርኩ።

አሁን ወደ ጨፌው ልምጣ። ነገሩ የሆነው የገበሬው ስልክ የእጅ ባትሪ እንጂ ካሜራ ባልነበረው ዘመን ነው።

መስከረም ላይ ነው፣ አዲስ ዓመት ካለፈ በኋላ። ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው ሱቄ መጣ። ዘንገና አጠገብ ያለውን ትልቁን ጨፌ እንዳነሳለት ፈለገ፤ አበባው ሳይረግፍ፣ ሰው የሌለበት፣ ከብት የሌለበት፣ ቤት የሌለበት፣ ጭስ እንኳ የማይታይበት። ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት። ለሆቴል ግድግዳ ነው፣ እንግዳ ጸጥታ ይወዳል አለኝ። ዋጋ ጠራሁ፤ ሳይከራከር ሙሉውን ቆጠረልኝ። ጫማ ስሸጥ የተማርኩት አንድ ነገር አለ፦ ሳይከራከር የሚከፍል ሰው አንተ የምትሸጠውን ሳይሆን ሌላ ነገር ነው የሚገዛው። ስለዚህ ጠረጠርኩ። ብሩን ወደ ብርሃን አንስቼ አገላብጬ አየሁት፤ ትክክለኛ ብር ነበር። ሰውዬውን ግን ወደ ብርሃን አላነሳሁትም፤ ጥያቄውንም አልደገምኩትም።

ጨፌው ዳር አንድ ከፍ ያለ ድንጋይ አለ። እዚያ ላይ ባለ ሦስት እግሩን የካሜራ ማቆሚያ ተከልኩና ሰማዩን መጠበቅ ያዝኩ። ጥቂት ቆይቶ ካባቸውን የተከናነቡ ሽማግሌ ከግራሩ በኩል መጡ። አያ ቢያድግ ይባላሉ፤ በዚያ ዓመት የጨፌው ጠባቂ እሳቸው ነበሩ። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ዕቃዬን በጎን ዞረው አዩት።

«ምን እየለካህ ነው?»

«አልለካም አያ፤ ፎቶ ነው።»

«ሦስት እግር ያለው ነገር እዚህ መጥቶ መሬት ሳይለካ ሲሄድ አላየሁም።»

በካሜራው እንዲያዩ ጋበዝኳቸው። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ጊዜ አዩ። «ፈረሶቹስ የታሉ?» አሉ። የሉም እኮ አልኳቸው። «ስለዘጋነው ነዋ» አሉና ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ነገሩን ጨዋታ አድርጌው ነው። ለማን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ለሆቴል አልኳቸው። «ሆቴል ሣር ይበላል?» ብለው ካባቸውን ሰብስበው ወደ ግራሩ ተመለሱ። ወደ ጨፌው እንዳልገባ ብቻ አስጠነቀቁኝ።

የዚያ አገር ልማድ እንዲህ ነው። ክረምት ሲገባ ጨፌው ይዘጋል። ሣሩ እንዲያድግ የማንም ከብት፣ የማንም ፈረስ አይገባም፤ ያመለጠ ውርንጭላ እንኳ ቢገኝ ባለቤቱ ይቀጣል። ከመስቀል በኋላ ሽማግሌዎች ቀን ይቆርጡና ይመርቁና ይከፈታል። የዚያን ቀን የመንደሩ ፈረስ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይገባል። እንግዲህ ጨፌው ባዶ መስሎ የሚታየው በጣም በሚጠበቅበት ወቅት ነው።

እኔ ድንጋዩ ላይ በቆምኩበት ቀን በረዶ ጣለ፣ ደመናው ተቀደደ። ጋሽ ፈንቴ የሚፈልጉት ዓይነት ብርሃን ነበር። ሣሩ ጉልበት ድረስ ደርሷል፤ ዳር ዳሩን አደይ አበባ ቢጫ አድርጎታል፤ በረዶው በየጎድጓዳው ነጭ ሆኖ ተኝቷል። መሃል ላይ ሁለት ባለ ጉንጉን ወፎች ቆመው ነበር። ደንበኛው እንስሳ አይኑርበት ብሏልና በስተግራ ከካሜራው ዕይታ እስኪወጡልኝ ጠበቅኋቸው። ከዚያ አነሳሁ። ከዕድሜዬ ሥራ ሁሉ ያማረው እሱ ነው።

በዓመቱ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አያ ቢያድግ በገበያ ቀን ሱቄ መጡ። አልተቀመጡም። ከካባቸው ሥር የተባዛ ወረቀት አውጥተው ባንኮኒው ላይ ዘረጉት። ጨፌውን ለሎጅ መሥሪያ የጠየቀ ባለሀብት አለ፤ ወረቀቱ የማመልከቻው ቅጂ ነው፤ ላዩ ላይ የእኔ ፎቶ፣ ሥሩ ላይ «አገልግሎት ላይ ያልዋለ ባዶ መሬት» የሚል ጽሑፍ።

«ይህን ያነሳኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ አያ። ጽሑፉ ግን የእኔ አይደለም።»

«ጽሑፉ ብቻውን ቢመጣ ውሸት ነው ብለን እንመልሰው ነበር። ፎቶ ይዞ ሲመጣ ምን እንበል?»

አያ ቢያድግ አልጮሁም። ሣሩን ለፈረሶቹ ብለን ክረምቱን ሙሉ በዝናብ ቆመን ጠበቅነው፤ የጠበቅነው ነገር ባዶ ተባለ፤ ጨፌው ከሄደ ፈረሶቹን መሸጥ ነው፣ ያለ ፈረስ ደግሞ የእኛ አገር ሰው ለሠርግም ለለቅሶም ምን ይዞ ይሄዳል አሉኝ፤ ወረቀቱን እያጠፉ። ቅሬታቸውን የሚያይ ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ የሚሰበሰበው ጨፌው ከተከፈተ በኋላ ባለው ሰኞ ነው።

አንድ ሐሳብ አቀረብኩላቸው። በሚከፈትበት ማለዳ ከዚያው ድንጋይ ላይ፣ በዚያው ሌንስ፣ ጨፌው በፈረስ ተሞልቶ አነሳዋለሁ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ኮሚቴው ፊት አስቀምጣለሁ። አያ ቢያድግ የፈረስ ደላላ እንደሚያዩ አድርገው አዩኝ።

«በስንት?»

«በነጻ።»

«እሱ ደግሞ የባሰ ያጠራጥራል» አሉ። ግን ተስማሙ፤ ዋዜማውን ቤታቸው እንዳድር ጠሩኝ።

ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር። አማቾች፣ ጎረቤቶች፣ ነገ ፈረስ የሚያስገቡ ሁሉ። የተቀቀለ ድንች በዳጣ እየበላን እነሱ በአዊኛ ይጫወታሉ፤ እኔ የማውቀው አዊኛ የገበያ ነው፤ ለዋጋና ለጠብ ይበቃኛል፣ ለሳቅ አይበቃኝም። በሳቁ መሃል ወደ እኔ ቀና የሚል ሰው ሳይ ስለ እኔ መሰለኝ። ሌንሱ ብርድ ላይ ማደር እንዳለበት ነግሬያቸው ነበርና አያ ቢያድግ ካሜራዬን በረቱ ውስጥ ሊያሳድሩልኝ ጠየቁኝ፤ በረቱ ቀዝቃዛም ንጹሕም ነው አሉ። እኔ ግን አሰብኩ። ይህ ሰው በእኔ ፎቶ ምክንያት መሬቱን ሊያጣ ነው፤ ካሜራዬን ከእኔ ለምን ማራቅ ፈለገ? ሊሰብረው? መያዣ ሊያደርገው? በትህትና እምቢ አልኩ። ከነመያዣው ጋቢዬ ሥር አቅፌው ተኛሁ። እርጥብ እንጨት ይጨሳል፣ ሰው ጎን ለጎን ተኝቷል፣ ቤቱ እንደ ዳቦ መጋገሪያ ሞቋል።

የቅዳሜው ማለዳ የሚገርም ነበር። አንድም ደመና የለም፤ ሣሩ ላይ ውርጭ አለ። ድንጋዩ ላይ ቆምኩ። ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ የእሾህ አጥሩ መዝጊያ ተነሳ። መጀመሪያ አንዲት ግራጫ ባዝራ ገባችና ቆመች፤ አሸተተች፤ ከዚያ ሁሉም ተከተሏት። ዳማው፣ ቦራው፣ ጉራቻው፣ ከነውርንጭላቸው፤ ትንፋሻቸው በብርዱ እየጨሰ፣ ሣሩ ደረታቸው ላይ እየተከፈለ። መሬቱ ከእግሬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። ዓይኔን ካሜራው ላይ አደረግሁ። ነጭ ነው። ሌንሱን ጠረግሁት፤ ነጭ። ነጩ በውስጥ በኩል ነበር።

ለፀሐይ ገለጥኩት፣ በእጄ አሸሁት፣ ተሳደብኩ። ሆኖም አነሳሁ፤ ምናልባት ብዬ። ሌንሱ እየጠራ ሲመጣ ከሐይቁ በኩል ጉሙ ተነስቶ ጨፌውን ሸፈነው። እሁድንም ሙሉ ጉም ሆኖ ዋለ፤ ፈረሱ ሲግጥ ይሰማል፣ አይታይም።

አያ ቢያድግ ሌንሱ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። አላበው አልኳቸው።

«የት አደረ?»

«እኔ ዘንድ።»

ገባቸው። «በረቱ ውስጥ ያደሩት ፈረሶች አልተሰረቁም» ብለው ወደ ሰዎቻቸው ሄዱ።

ሰኞ ኮሚቴው ፊት ቀረብን። ባለ መነጽሩ ሰውዬ የእኔን ፎቶ በትልቁ አሳጥቦ በሰሌዳ ላይ አስለጥፎታል። እንዲያ አምሮ ታትሞ አይቼው አላውቅም። እኔ ከጎኑ የራሴን አስቀመጥኩ፤ ነጭ ላይ ጥቂት ግራጫ ጥላዎች። ከኮሚቴው አንዱ አንስቶ ወደ መስኮቱ አዞረውና፣ ይሄ ፈረስ ነው ወይስ ጉም ብሎ ጠየቀኝ። ተሳቀ። ሁለቱንም ነው ብዬ መለስኩ፤ ይበልጥ ተሳቀ። በዚያ ክፍል ውስጥ እኔን የሚከራከረኝ እኔው ነበርኩ፤ የበለጠውም ባዶውን ጨፌ ያነሳው ነው።

ሳቁ ሳያልቅ ከውጭ የኮቴ ድምፅ መጣ። ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው፣ ፈረሱን ለበዓል እንደሚያስጌጥ አስጊጦ፣ በጉሙ ውስጥ ከተማ ገብቶ ኖሯል። አልጮሁም፣ አልፎከሩም። ወርደው ፈረሶቻቸውን በቢሮው አጥር ዙሪያ አሰሩና ቆሙ። ፈረሶቹ የቢሮውን አትክልት መብላት ጀመሩ፤ ዘበኛው የትኛውን እንደሚያባርር ቸግሮት ይሯሯጣል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ወጥቶ በረንዳው ላይ ቆመ። አጥሩ መጨረሻው እስኪጠፋ ፈረስ ነው።

«ይሄ ሁሉ ፈረስ የት ነው የሚግጠው?» አለ።

አያ ቢያድግ ከኋላው ነበሩ። «ፎቶው ላይ» አሉት።

ጉሙ ሲገለጥ ኮሚቴው ጨፌው ድረስ ወረደ። ኮቴውን አዩ፣ ፋንድያውን አዩ፣ የእሾህ አጥሩን አዩ። ከዚያ ኮሚቴ እንደሚፈርደው ፈረዱ፦ ደረቁ የላይኛው ወገን ለባለሀብቱ፣ ረግረጉ የታችኛው ወገን ለመንደሩ። ሁለቱም ወገን ቅር ብሎት ሲወጣ ኮሚቴ ትክክል የሠራ ይመስለዋል። ከመንደሩ አንዳንዱ በዚያው ዓመት ፈረሱን ሸጠ፤ የሚያበላው አልነበረውም። አያ ቢያድግም ከነበሯቸው ሁለቱን ሸጠዋል። ማን እንደገዛቸው ጠይቄያለሁ፤ አልነገሩኝም።

ሎጁ እስከ ዛሬ አልተሠራም። አጥሩ ብቻ ነው የተሠራው፤ ውስጡ ሣሩ አድጎ ይደርቃል፣ አድጎ ይደርቃል። ለምን እንደታጠረ ያልገባኝ ነገር አለ፤ የሚገባኝም አይመስለኝም። ባለ መነጽሩን አንድ ጊዜ እንጅባራ ሚኒባስ ውስጥ አይቼው ስለ ሎጁ ጠየቅሁት፤ በሂደት ላይ ነው አለኝ። ቆይቼ ደግሜ ጠየቅሁት፤ ወራጅ አለ ብሎ ወረደ።

ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ዓይኔ ደመናና ተራራ መለየት እስኪያቅተው። ጨፌው የሚከፈትበት ቀን ሲቆረጥ አያ ቢያድግ ሰው ልከው ይጠሩኛል። እሄዳለሁ፤ ድንጋዩ ላይ አስቀምጠውኝ ድንች ያበሉኛል፤ ፈረሶቹ ሲገቡ አብረን እናያለን። ካሜራ ይዤ እንዳልመጣ ግን በየዓመቱ አስቀድመው ያስነግሩኛል።

የላይኛው ግማሽ ታጥሯል። የታችኛው ግማሽ ክፍት ነው።